የደራሲው አራተኛ ቀጠሮ

ደራሲው ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ማረፊያ ክፍል ሞቶ የተገኘው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነበር። ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ እርሳስ በጣቶቹ መሃል እንደያዘ፣ ትከሻው ላይ ግራጫ ሹራብ ጣል ተደርጎበት ነው የተገኘው። ለንባቡ የቀረው ሃያ ደቂቃ ነው። ከግድግዳው ማዶ ሦስት መቶ ሰው ወንበሩን ይዞ ይጠብቀዋል። ቦታ ያጣው ደግሞ ደጅ ተሰልፏል፤ ግማሹ እንደ ልቦለድ ጀግና ከካርቶን የተቆረጠ ጥሩር ለብሶ፣ ግማሹ ፊቱን አረንጓዴ ተቀብቶ።

የሳይንሳዊና የምናባዊ ልቦለድ ወዳጆች ጉባኤ በዓመት አንዴ ነው የሚደረገው። ዘንድሮ ግን ሰው እንዲህ የጎረፈው ለጉባኤው ብሎ አይደለም። ደራሲው «ጥላ ሻጮቹ» የተባለውን ባለ ስምንት ቅጽ ልቦለዱን በዘጠነኛው ሊቋጭ ነው፤ የዘጠነኛውንም የመጀመሪያ ምዕራፍ በገዛ አንደበቱ ሊያነብ ቀጠሮ ይዟል። ከወር በፊት በድረ ገጹ ያወጣው የቀጠሮ ዝርዝር ተባዝቶ በማረፊያ ክፍሏ በር ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ዓርብ አራት ሰዓት ንባብ፤ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት መጽሐፍ መፈረም፤ ቅዳሜ አራት ሰዓት ውይይት፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት «ያልተጠበቀ እንግዳ»። ይህን አራተኛውን ቀጠሮ አንባቢው እንደየምኞቱ ሲተረጉመው ነበር የከረመው።

መርማሪዋ ዝርዝሩን ሁለቴ አነበበችና ገባች። አጭር ሴት ናት፤ ጠፍጣፋ ጫማ ታዘወትራለች፤ ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ልቦለድ አንብባ አታውቅም። ምክንያቷን ሲጠይቋት «እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሁሉ ፈጥሮ ስለሚያወራ ይበቃኛል» ትላለች።

ሐኪሙ ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር።

«አስም ነበረበት» አላት። «መጀመሪያ ሲያዩት አስሙ ቀጥ ያደረገው ነው የሚመስለው። ግን አፉ ውስጥ ይቺን አገኘሁ።»

በጉጠት የያዛት ቀይ ክር ነች። ሶፋው ላይ ያለው ትራስም ቀይ ነው።

«አፍነውት ነዋ?»

«አፍነውታል። ደረቱ ደካማ ነው፤ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ሴትም ብትሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን ይችለዋል።»

«መቼ?»

«ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ባለው ጊዜ። ከዚህ በላይ አጥብበሽ ከጠየቅሽኝ መዋሸቴ ነው።»

ስልኳ ጮኸ። አዛዧ ነበር።

«ኮሪደሩ ላይ የቆመችውን ጥበቃ ቃል ሰምቻለሁ» አለ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «ከጠዋት ጀምሮ በኮሪደሩ በር የገባችው እህቱ ብቻ ናት። ምን ቀረሽ?»

«ለምን ትገድለዋለች?»

«እሱን ጣቢያ ትነግረናለች። እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣሽ ይዘናት እንሄዳለን።»

«ለምን ስድስት ሰዓት?»

«ጋዜጠኞቹን የቀጠርኩት ስድስት ሰዓት ነዋ!»

ሰዓቷን አየች፤ አራት ከሩብ። ስልኩን ከረጢቷ ውስጥ ወርውራ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። ከሟቹ ክንድ ሥር አሥራ ሁለት ገጽ አለ። በየመስመሩ፣ አምስት ስድስት ቃል እያለፈ፣ ጋደል ያለ የእርሳስ ጭረት ይታያል። በየገጹ ግርጌም ከመጨረሻው መስመር በታች ሦስት አራት ቃል በደቃቅ እርሳስ ተጽፏል። ቃላቱን ከተከታዩ ገጽ አናት ጋር አስተያየቻቸው፤ የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርባቸው ቃላት ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ገጽ ላይ ባለቀበት ቦታ ግን ግርጌው ባዶ ነው። ደራሲ የራሱ ዓመል አለው ብላ ለጊዜው አለፈችው።

እህቲቱ ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ደራሲው «እትዬ» ሲላቸው የሰማ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ የጉባኤው ሰዎችም፣ ጥበቃዋም። እናታቸው ስትሞት ልጁ አራት ዓመቱ ነበርና ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በእጅ የጻፈውን ስምንቱንም ቅጽ የተየቡትም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደርቋል፤ ገና አላለቀሱም።

«አንድ ሰዓት ላይ አብሬው መጣሁ» አሉ። «መድኃኒቱን አጠገቡ አስቀመጥኩለትና ወጣሁ። ከንባብ በፊት ሰው አያናግርም። እኔንም ጭምር።»

«ታዲያ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለምን ተመለሱ?»

«ሹራቡ ቦርሳዬ ውስጥ ቀርቶ። ክፍሉ ብርድ ነው፤ ብርድ ደግሞ በደረቱ ይጫወታል።»

«ሲገቡ ምን ያደርግ ነበር?»

«ደፋ ብሎ የሚያነብ ነው የመሰለኝ። ሹራቡን ጣል አደረግኩበትና በእግሬ ጣት ወጣሁ።» እትዬ የመርማሪዋን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ጊዜ ነፍሱ ነበረች? ብጠራው ይሰማኝ ነበር?»

«ገና አላወቅኩም፣ እትዬ።»

«ይወስዱኛል አይደል? ጥበቃዋ ሹክ ብላኛለች።»

መርማሪዋ መዋሸት አልፈለገችም። «እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለን» አለቻቸው።

አርታዒው ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ተገኘ። ጉባኤው ያወጣውን የኀዘን መግለጫ በቀይ እስክሪብቶ እያረመ ያለቅሳል፤ ወይም እያለቀሰ ያርማል። ከሲታ ሰው ነው። ከሟቹ ጋር ሆድና ጀርባ እንደነበሩ ሁሉም ያወራል።

«ገጾቹን እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ። «የመጨረሻ እርማቱን ጠዋት በስልክ ነገረኝ፤ ጽሕፈት ቤት አትሜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በበሩ ሥር አሾለክሁለት። ጥበቃዋ አይታኛለች።»

«ጭረቶቹ ነበሩበት?»

«ኧረ ምንም! ንጹሕ ወረቀት ነው። ጭረቶቹ የትንፋሽ ምልክቶቹ ናቸው። ረጅም ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ አይወጣለትማ፤ የት ላይ እንደሚተነፍስ አስቀድሞ ይጭራል። እያንዳንዷን ገጽ ሁለቴ ሳያነብ አይለቃትም። አሥራ ሁለት ገጽ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።»

«ስለዚህ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል በሕይወት ነበረ?»

«ያለ ጥርጥር!» አለና ያለው ነገር ለራሱ ሲሰማው ደነገጠ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የገባው ሰው ማን እንደሆነ እሱም ያውቃል። «እትዬን ማለቴ አይደለም እኮ! እሷ…»

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አዳራሽ፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ። የመክፈቻውን መርሐ ግብር ስሰማ ነበር።»

«ከእሱ ጋር ትጣላላችሁ ይባላል።»

«በየመጽሐፉ እንጣላለን! ዋናዋን ገጸ ባሕርይ አትግደላት ብዬ ስምንት ወር ሙሉ ለምኜዋለሁ። እምቢ አለኝ። ለዚያ ብዬ ግን እሱን አልገድልም።»

«ያልተጠበቀው እንግዳ ማን ነው?»

አርታዒው እስክሪብቶውን ከደነ። «እሱን መናገር አልችልም። ውል ፈርሜበታለሁ።»

«የሚያውቀው ማን ማን ነው?»

«እሱ፣ እኔና እትዬ። ከሦስታችን ሌላ እዚህ ማንም አያውቅም።»

የጉባኤው አዘጋጅ ትልቅ ድምፅ ያላት ሴት ናት። አንገቷ ላይ አምስት መታወቂያ ተንጠልጥሏል፤ በመገናኛ ሬዲዮዋ አንዱን ስትቆጣ ሌላውን ታባብላለች። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች።

«ሊቀር ይችላል ብለው ሰግተው ነበር አሉ» አለቻት መርማሪዋ።

«ሁልጊዜ እቀራለሁ እያለ ያስፈራራኛል፤ ሁልጊዜ ይመጣል። እሱ ባይመጣ እኔ ነበርኩ የምሞተው።»

«ከሁለት ሰዓት በኋላ ማን የት ነበር?»

«እኔ ስገባ ስወጣ። አርታዒው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ። ተራኪው መድረክ ላይ።»

«ተራኪው ማን ነው?»

«አያውቁትም? ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል!» አዘጋጇ ለትንሽ ጊዜ ኀዘኗን ረሳች። «ስምንቱንም መጽሐፍ በድምፅ የተረከው እሱ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ዓይነ ሥውሩም፣ ሾፌሩም፣ ማድ ቤት ያለውም በእሱ ድምፅ ነው ታሪኩን የሚያውቀው። መክፈቻውን እሱ ነው የመራው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨረሰ። ሦስት መቶ ሰው ምስክር ነው።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ዛሬ ግን ገና ሰላምታው ላይ ትንፋሽ አጠረው። በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ገጽ የሚወጣ ሰው! በስተርጅና መድረክ ፈራ ብዬ ሳቅሁበት።»

«ከመድረኩ ወደ ማረፊያ ክፍሉ መግቢያ አለ?»

«ከመጋረጃው ጀርባ በር አለ። አይቆለፍም። ግን ከንባብ በፊት እሱ ዘንድ ማን ደፍሮ ይገባል?»

በአዳራሹ መግቢያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ደራሲው በየዓመቱ ያነበባቸው ገጾች ለእይታ ተደርድረዋል። መርማሪዋ ሣጥኑ ላይ ተደፍታ ቆየች። ጭረቶቹ ያው ናቸው፤ አምስት ስድስት ቃል፣ ጭረት፤ አምስት ስድስት ቃል፣ ጭረት። የገጾቹ ግርጌ ግን አንድም ሳይቀር ባዶ ነው። አጠገቧ የጠፈር ተጓዥ ልብስ የለበሰች ወጣት የራስ ቁሯን ሳታወልቅ ታለቅሳለች፤ የቁሩ መስታወት በእንፋሎት ተሸፍኗል።

«እህቴ፣ ሲያነብ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

«ስድስት ጊዜ!» አለች ልጅቱ መስታወቱን ከፍ አድርጋ። «ገጽ ሲገልጥ ነው የምንወደው። ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ያንጠለጥለዋል። ወረቀቱን ሆን ብሎ ያንኮሻኩሻል። እኛ እንጮሃለን፣ እሱ ይስቃል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ ይቀጥላል። አንዴ ሰው የገጹን ቀሪ ቀድሞ ቢነግርብን አዳራሹ ሊበላው ነበር።»

መርማሪዋ አመሰገነቻትና ተራኪው ወዳለበት ቀረጻ ክፍል አመራች። የግርጌዎቹ ቃላት አሁን እንቅልፍ የሚነሡ ሆነውባታል።

ጉባኤው ባቆማት ጠባብ የቀረጻ ክፍል ውስጥ ተራኪው ለሬዲዮ የሚላከውን የኀዘን መልእክት እያነበበ ነበር። ረጅም ሰው ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጫማው ተወልውሏል። ከመስታወቱ ወዲህ ያለው ቴክኒሻን መርማሪዋን በምልክት ዝም አሰኛት። የተራኪው ድምፅ እጅግ ያማረ ነው፤ እሷም እንኳ የመጣችበትን ጉዳይ ለአፍታ ዘነጋች። ተራኪው ዓይኑን ከማይክራፎኑ ሳያነሣ አንደኛውን ወረቀት ወደ ጎን ገለል አደረገው፤ ድምፁ ግን አልተቆረጠም።

«አዩልኝ?» አለ ቴክኒሻኑ በኩራት። «አሥራ ሁለት ዓመት ስቀዳው አንድ ጊዜ የወረቀት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሌላው እኮ ወረቀት ሲገልጥ ጎርፍ የመጣ ይመስላል፤ ቁረጥ፣ ድገም ነው።»

ተራኪው ወጥቶ ጨበጣት። እጁ ቀዝቃዛ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ወደ ማረፊያ ክፍሉ ገብተው ነበር?»

«አልገባሁም። ጠባዩን እያወቅሁ!»

«የሚያነበውን ምዕራፍስ አይተውታል?»

«እሱ ሳያነበው ማን ያያል? እኔም እንደ ሕዝቡ አዳራሽ ነበር የምሰማው።»

«ያልተጠበቀው እንግዳ ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለ። ያ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ዝቅ አለ።

«እትዬን ስድስት ሰዓት ላይ ሊወስዷቸው ነው።»

ተራኪው ጫማውን አየ። «እትዬ ጉንዳን አትረግጥም» አለ።

«ታዲያ ማን ይመስልዎታል?»

«እኔ ሌላ ሰው የጻፈውን ነው የማነበው፣ እመቤት። ከራሴ አውጥቼ አላውቅም።»

ከዚያ ወጥታ አርታዒውን ዳግመኛ ያዘችው። በዚህ ጊዜ አላግባባችውም። «ውል ያሉትን ትተው ይንገሩኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቀርቶናል፤ ምስጢርዎን ሲጠብቁ እትዬ ካቴና ይገባላቸዋል።»

አርታዒው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ማሽን ነው» አለ። «እንግዳው ማሽን ነው። የአሥራ ሁለት ዓመቱን ቅጂ በሙሉ አስተማሩት፤ በተራኪው ድምፅ የፈለጉትን ያነባል። ዘጠነኛውን መጽሐፍ የሚያነበው እሱ ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድረክ ላይ ሊያናግሩት ነበር።»

«ተራኪውስ?»

«ቅጂው የእኛ ነው፤ ሕጋዊ ነው። ደራሲው ደግሞ እንደ ልጅ ነበር የፈነደቀበት። በልቦለዱ የጻፈው፣ ከባለቤቱ ተነጥሎ የሚሸጥ ጥላ፣ እውነት ሆኖለት ታየውና ሰውዬው ጭራሽ ትዝ አላለውም።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪዋ አራቱንም ትንሿ የስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሐኪሙ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ለእያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው ቅጽ የተገለበጡ ሁለት ገጾችና አንድ እርሳስ ሰጠቻቸው።

«አዳራሽ ውስጥ ልታነቡት ነው እንበል» አለች። «አዘጋጁልኝ።»

«አሁን የፈተና ሰዓት ነው?» አለች አዘጋጇ። ቢሆንም እርሳሱን አነሣች።

እሷ በግማሽ ደቂቃ ጨረሰች፤ ገጹ አናት ላይ «6 ደቂቃ» ብላ ጽፋ መለሰች። አርታዒው ሁለት ነጠላ ሠረዝ ሰርዞ፣ አንድ ቃል ለውጦ፣ በኀፍረት አንገቱን ደፋ፤ «ይቺ ስህተት ስታልፈኝ አሥራ ሁለት ዓመቷ» አለ። እትዬ በየአምስት ቃሉ ጫሩ፤ እሳቸው ሳይሆኑ ወንድማቸው የሚተነፍስበትን ቦታ። ተራኪው በእርጋታ፣ ረጃጅም ርቀት እየዘለለ፣ ጥቂት ጭረት ብቻ አኖረ። ሁሉም ሲያዩት ገጾቹን አስተካክሎ ሰጣት።

መርማሪዋ የተራኪውን ገጽ አየች። ከዚያ የሟቹን ገጾች ከአቃፊዋ አውጥታ አጠገቡ አኖረች።

«እዚህ ቤት እስከ አሁን የታመነው ይሄ ነው» አለች። «ገጾቹ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ንጹሕ ሆነው ገቡ። ደራሲው ምልክት ለማድረግ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። አሥራ ሁለቱም ገጽ ምልክት ተደርጎበታል። ስለዚህ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል በሕይወት ነበረ፤ ከዚያ በኋላ የገቡት እትዬ ብቻ ናቸው። አዛዤ ይህን ወዶታል። እኔ ግን ለምን ግርጌው ላይ እንደተጻፈ አልገባኝም።»

«የምን ግርጌ?» አለ አርታዒው።

«ይኸው። ዓረፍተ ነገሩ ወደሚቀጥለው ገጽ ባለፈ ቁጥር ጅራቱ ግርጌው ላይ ተገልብጧል። ደራሲው ይህን ለምን ያደርጋል? እሱ ዓረፍተ ነገሩን አንጠልጥሎ፣ ወረቀት አንኮሻኩሾ ሰው የሚያስጮህ ነው። ትንፋሹን የሚሰበስበውም እዚያች ላይ ነው። መግቢያው ላይ ባሉት የየዓመቱ ገጾች አንድም የግርጌ ጽሑፍ የለም። ይህን የሚያደርገው ገጽ ሲገልጥ ድምፅ እንዳይሰማ የሚፈልግ ሰው ነው። የዓረፍተ ነገሩን ጅራት ከግርጌ አንብቦ ይጨርሳል፤ ዝም ባለበት ቅጽበት ወረቀቱን ገለል ያደርጋል። ማይክራፎን ፊት የኖረ ሰው ነው።»

ማንም ሳይነግራቸው ሁሉም ወደ ተራኪው ዞሩ።

«እርስዎ መድረክ ላይ ሳሉ እሱ በሕይወት የነበረ እንዲመስል የሟቹን ትንፋሽ አሳምረው አስመስለውታል» አለችው። «አሥራ ሁለት ዓመት አብረውት ኖረዋልና የት እንደሚደክመው ያውቃሉ። አሁን እዚህ ደግሞ እንዳይመሳሰል ብለው ጭረቱን አሳነሱት። ግርጌውን ግን ያው ጻፉት፤ ጠረጴዛው ላይ ይታያል። ለእርስዎ ጽሑፍ አይደለም፣ ልማድ ነው፤ እጅዎ ራሱ ነው የሚሠራው።»

ተራኪው ገጹን አየ። ሦስቱን ቃላት አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብዎታል፣ አንድ ገጽ ለማዘጋጀት?»

መልስ የሰጠው አርታዒው ነው፤ በሹክሹክታ። «አንድ ደቂቃ አይሞላም።»

«ስለዚህ አሥራ ሁለት ደቂቃ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገጾቹ ገቡ፤ ከዚያ እርስዎ በመጋረጃው በኩል ገቡ። ሁለት ሰዓት ሲሆን መድረክ ላይ ነበሩ፣ ትንፋሽ አጥሮዎት። እትዬ ሹራቡን ሲያለብሱት…» ወደ እትዬ ዞረች፤ ድምፅዋም ለሰለሰ። «ቢጠሩትም አይሰማዎትም ነበር፣ እትዬ። ከተለየ ግማሽ ሰዓት አልፎት ነበር።»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ልገድለው አልሄድኩም» አለ ተራኪው። ያ ድምፅ ተሰነጣጥቆ ነበር። «ልለምነው ነው የሄድኩት። ዘጠነኛውን ብቻ እኔ ላንብበው፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉ፤ መጨረሻውን ግን እኔ ልጨርሰው አልኩት። ምን አለኝ መሰለዎት? ሳቀ። በክፋት አይደለም፣ በደስታ! ‹አንተ እኮ ከእንግዲህ አትሞትም፤ ታመህም፣ አርጅተህም፣ ተቀብረህም ታነባለህ› አለኝ። ስጦታ የሰጠኝ መስሎት ነበር። ከዚያ ስልኩን ከፈተና አሰማኝ። ራሴን ሰማሁት። አንብቤው የማላውቀውን ገጽ ሳነብ ሰማሁት፤ አሳምሬ! ዝም በል አልኩት። እሱን ይሁን ስልኩን ይሁን አላውቅም፤ ብቻ ትራሱ እጄ ላይ ነበር።»

«እትዬ ሲጠረጠሩ ለምን ዝም አሉ?»

«እስከ ስድስት ሰዓት እናገራለሁ እያልኩ ነበር» አለ። «አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚወጣው ሌላ ነገር ነው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። አዘጋጇ ሬዲዮዋን አጥፍታ ተከተለች፤ አርታዒው እስክሪብቶውን ረስቶ ሄደ። መርማሪዋ ለአዛዧ ደውላ ጋዜጠኞቹን ምን እንደሚነግራቸው አጭር አድርጋ ነገረችው። ስትመለስ እትዬ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ጨርሰናል፣ እትዬ። የሚይዝዎት የለም። ቤትዎ የሚያደርስዎ መኪና ደጅ ቆሟል።»

እትዬ አልተነሡም። «አንድ ነገር ሳትጠይቂው ቀረሽ» አሉ።

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ አውቃ ነው የተወችው።

«እንግዳውን የምናውቀው ሦስት ነን» አሉ እትዬ። «ተራኪውስ ከማን ሰማ? ከእኔ ነው። ትናንት ቀትር ላይ ደወልኩለት። በሕዝብ ፊት ድንገት ከሚሰማው ብዬ። ቤታችን ሲበላ ሲጠጣ የኖረ ሰው ነው። አለቀሰ፤ ትልቅ ሰው ስልክ ላይ ሲያለቅስ አንጀቴ አልቻለም። ‹ጠዋት ብቻውን ነው፤ በመጋረጃው በኩል ግባና ለምነው፤ አንተን እምቢ አይልህም› አልኩት። ያን በር ሰው እንዳያልፍበት ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ነኝ እኮ።»

መርማሪዋ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«ለዚህ የሚያስጠይቅ ሕግ የለም?»

«የለም፣ እትዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

እትዬ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁሉም በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። አዩትና መልሰው ዘጉት።

«እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ይወስዱኛል ብዬ ይህን ከቤት አስመጥቼ ተሰናድቼ ነበር» አሉ። «ታዲያ አሁን ወዴት ልሂድ?»

አሁን አለቀሱ። ደጅ የቆመው መኪና ሾፌር ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፤ መርማሪዋ በመስኮት እጇን አውጥታ እንዲጠብቅ ምልክት ሰጠችውና ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።